መቋሚያን ጫጫታ ነው ያለ ስልክ

ስለ ስልክ እኔን ጠይቁኝ። ጉራ ከመሰለ ይምሰል። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የፎቶኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ እኔ አንድ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ፣ አንዱን ስልኬ ላይ አድርጌ የቴክኖሎጂ ዜና አነባለሁ። የትኛው ኩባንያ ምን አዲስ ስልክ እንዳወጣ፣ የትኛው ቴሌቪዥን ምን እንደሚችል፣ የትኛው መተግበሪያ ሰው የለመደውን ቁልፍ ከቦታው እንዳነሣ አውቃለሁ። አንብቤም ዝም አልልም፤ ከዜናው ሥር አስተያየት እጽፋለሁ። አጭር አስተያየት መጻፍ ደግሞ አልችልበትም። ከዜናው ከራሱ የሚረዝምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለምሳሌ ስልክ ቀጠነ ብሎ የሚደሰት ሰው አይገባኝም። ማን ነው ይቅጠን ያለው? የማክሰኝት ገበሬ ስልኩን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ነው የሚሄደው፤ ይወድቅበታል፣ ዝናብ ይመታበታል፣ ከብት ይረግጥበታል። እሱ የሚፈልገው ሬዲዮ፣ የእጅ መብራትና ከገበያ እስከ ገበያ የሚቆይ ባትሪ ነው። ዜና ጸሐፊዎቹ ባትሪን የሚለኩት በስንት ሰዓት ቪዲዮ እንደሚያሳይ ነው፤ እኔ የምለካው በገበያ ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ ተሞልቶ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ካልቆየ ለገጠር ሰው አልመክርም። ሬዲዮኑን ከአዳዲሶቹ ስልኮች ላይ ማንሣት ሲጀምሩማ ሦስት ቀን ሙሉ ተናድጄ ከረምኩ። ኔትወርክ የጠፋ ለት ሰው ወሬ የሚሰማው በምንድን ነው?

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከአይከል መጥተው፣ የሰው ቤት ያዩትን ባለ ሦስት ካሜራ ስልክ መግዛት ፈልገው ምክር ጠየቁኝ። "አያ፣ ሦስት ዓይን ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው። "ምነው፣ የኔ ሁለቱ ደክመዋል እኮ" አሉኝ። ስቄ ስቄ ሳበቃ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ፣ ሬዲዮ ያለው ስልክ የሚሸጥበትን ሱቅ አሳየኋቸው። እስከ ዛሬ ወደ ከተማ ሲመጡ ሰላም ሳይሉኝ አያልፉም።

የዜና ማሰራጫዎቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዜናው ሁሉ ሰበር ዜና ሆኗል። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቀውን ወሬ አሥር ደቂቃ ይጎትቱታል፤ ቀይ ቀስት ይለጥፉበትና "እስከ መጨረሻው ይከታተሉ" ይላሉ። እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ፤ መጨረሻው ላይ ምንም የለም። አሁን ደግሞ ሰው ማንበቡን ትቶ ማሽን ማንበብ ጀምሯል። ማሽኑ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል፤ የሞት ዜናንና የእግር ኳስ ውጤትን በአንድ ድምፅ ያነባል። ይህን ስሰማ አጠፋዋለሁ። እኔ የማኅሌት መምህር ልጅ ነኝ፤ በድምፅ ቀልድ አላውቅም።

አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው። ካህናቱ በማኅሌት ቆመው፣ መቋሚያ ይዘው፣ ከበሮና ጸናጽል እየመቱ የሚያዜሙትን ሥርዓት ነው የሚያስተምሩት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ ከአርባ ዓመት በላይ ተማሪ አስቀምጠዋል። እኔ ሴት ነኝና ከተማሪዎቹ መካከል አልተቀመጥኩም። ቤታችን ግን ከጎጆዋ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ስለነበር፣ ያደግሁት ያንን ዜማ እየሰማሁ ነው። ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የአባቴንም ድምፅ ከመቶ ካህን መካከል ለይቼ አወጣዋለሁ። ይህ አቋቋም ማወቅ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ እንቅርት ነበረባቸው። በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለምና እሳቸውም የአንገታቸው ክፋይ አድርገው ቆጥረውት ኖሩ። ካቻምና ግን ሲተኙ ያፍናቸው ጀመር። ይዣቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን ሰው ያከብራል። "እንቅርቱ የመተንፈሻውን ቱቦ ተጭኖታል፤ መውጣት አለበት" አላቸው። "ድምፅ የሚያዝዘው ጅማት ደግሞ በሥሩ ነው የሚያልፈው። እንጠነቀቃለን። ድምፅዎ እንደ ነበረ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።"

"መተንፈሱስ?" አሉ አባቴ።

"እሱ ይስተካከላል።"

"እንግዲያው ይውጣ" አሉና ተነሡ።

የልባቸውን የተናገሩት በማግስቱ ነው። ያሳሰባቸው ጉሮሯቸው አልነበረም። በዝማሜ፣ ማለት በመቋሚያ ብቻ እየተወዛወዙ በሚያዜሙት ክፍል፣ እሳቸው ከመምህራቸው የተቀበሉት አካሄድ አለ። መምህራቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አብረዋቸው የተማሩትም አልቀዋል። ተማሪዎቹን የሚያስጠናላቸው አስቀጻይ፣ ሠላሳውን የተሻገረ ዝምተኛ ሰው፣ ገና የዓመቱን በዓላት እኩሌታ ነበር የተቀበለው። የቀረው እኩሌታ ያለው በአባቴ አፍ ብቻ ነው። ድምፃቸው ሳይመለስ ቢቀር አብሮ ሊቀር ነው። ይህን ለማስተማር ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ እስከ ሕክምናው የቀረን ግን ሁለት ሳምንት ነበር።

"ይቀዳ" አልኩ። የእኔ ቀን መጣ ማለት ነው።

ወሩን ሙሉ ስለ አንድ አዲስ ስልክ ሳነብ ከርሜ ነበር። ዜናውን የጻፈው ሰው መንገድ ዳር ቆሞ፣ መኪና እያለፈ፣ ነፋስ እየነፈሰ ተናግሮበታል፤ መልሶ ሲሰማው መንገዱ የለም፣ ነፋሱ የለም፣ የራሱ ድምፅ ብቻ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስልኩ የሰውን ድምፅ ከጫጫታ ለይቶ፣ ጫጫታውን እየጣለ ነው የሚቀዳው። ከዜናው ሥር "ስልክ ማለት እንዲህ ነው፤ ካሜራ መቁጠር ትታችሁ ጆሮውን አስተካክሉ" ብዬ ጽፌ ነበር። ብዙ ሰው ወዶልኛል። ለአባቴ ድምፅ ከዚህ የሚያንስ ዕቃ አላስነካም አልኩና ስልኩን አስመጣሁ።

አስቀጻዩ ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። "እትየ፣ ደብሩ ዕቃ ቤት አንድ ቴፕ አለ፤ ካሴት የሚቀዳ። ሸጋ ነው። የሰማውን ሁሉ ይይዛል" አለኝ።

"ችግሩስ የሰማውን ሁሉ መያዙ አይደል!" አልኩት። "ባጃጁንም፣ ዶሮውንም፣ የጎረቤቱን የእንጨት ሥራ ቤት መጋዝም ሊቀዳልህ ነው? በዚህ ዘመን ካሴት! ምነው፣ ሰም ላይ አትቀርጸውም?"

"እሽ እትየ" አለና ሄደ። ሰው ሳይከራከረኝ ሲቀር ያሸነፍኩ ይመስለኛል፤ የቆየ ጠባዬ ነው።

አምስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ቀዳን። አባቴ ከጎጆዋ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ቆሙ፤ መቋሚያቸውን ያዙ፤ ተማሪዎቹ በግራና በቀኝ ተሰለፉ። ስልኩን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስቀምጬ እኔ ከኋላው ቆምኩ። አባቴ መጀመሪያ ስልኩን ትኩር ብለው አዩትና "ይሰማል?" አሉኝ። "ከሰው ይበልጥ ይሰማል" አልኳቸው። ማዜም ጀመሩ። እንቅርቱ አንገታቸው ላይ ከፍ ዝቅ እያለ፣ መቋሚያው እየተወዛወዘ፣ ጫፉም መሬቱን እየመታ አዜሙ። በአምስተኛው ቀን የመጨረሻውን ሲጨርሱ ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና "እንግዲህ የኔን ጨርሻለሁ" አሉ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ምነው መልሳችሁ ሳትሰሙት? እኔስ ሰምቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ማታ ትንሽ ከፍቼ ሰማሁ። የአባቴ ድምፅ ብቻውን፣ ያለ ባጃጅ፣ ያለ መጋዝ፣ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ሲመጣ በደስታ ብድግ አልኩ። ሌላ የምሰማው ነገር መኖሩን አላወቅሁም። ማወቅ የሚችሉት አስቀጻዩና ተማሪዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አይሰሙም። የኔታ በሕይወት፣ በጤና፣ ድምፃቸው እያለ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ፣ ቃላቸውን ከስልክ እየሰሙ "ትክክል ነው ወይ?" ብሎ መመርመር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ተማሪ የመምህሩን ቃል አይመረምርም፤ ይቀበላል። አስቀጻዩን "ስማው እስቲ" ስለው "ኧረ እትየ!" ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔም ደስ አለኝ፤ በስልኬ ስላመነ መሰለኝ።

ሕክምናው በሰላም አለቀ። አባቴ በሌሊት እንደ ልጅ ተኝተው መተንፈስ ጀመሩ። ድምፃቸው ግን ሹክሹክታ ሆነ። ሐኪሙ "በወራት ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል፤ ለጊዜው ግን አይናገሩ" አለ። አዘዞ እኔ ቤት አመጣኋቸውና ከሱቄ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው "ውኃ"፣ "በሩን ዝጊ"፣ "ተማሪዎቹ እንዴት ናቸው?" እያሉ ይጽፉልኝ ጀመር።

ተማሪዎቹ ደህና አልነበሩም። አስቀጻዩ ሱቄ ድረስ መጥቶ "ከደረስንበት እንቀጥል፤ የየኔታን ቃል አምጭልን" አለኝ። አሁን የኔታ ማዜም ስለማይችሉ ነውሩ ተነሥቷል። ስልኩንና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዤ በኩራት ሄድኩ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው መቋሚያቸውን አነሡ። ከፈትኩት። የአባቴ ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ ሁለቱ ተማሪዎች እንባቸው መጣ። ከዚያ ዝማሜው ተጀመረ፤ ወዲያው ተበላሸ። አንዱ መቋሚያውን ሲያወርድ ሌላው ያነሣል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ሌላው ወደ ግራ። እንደገና ከፈትኩ። እንደገና ተበላሸ። አስቀጻዩ እጁን አነሣና ሁሉንም አስቆመ።

"እትየ፣ መቋሚያው የታለ?"

"የምን መቋሚያ?"

የራሱን መቋሚያ አነሣና መሬቱን አንድ ጊዜ መታው፤ ድም አለ። "ይህ" አለ። "ዜማው የት እንደሚታጠፍ፣ እግር መቼ እንደሚነሣ የሚነግረን ይህ ነው። ቃሉማ በመጽሐፍም አለ።"

ማጉያውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። ባጃጁ የለም። መጋዙ የለም። ዶሮዎቹ የሉም። መቋሚያውም የለም። አባቴ አምስት ቀን ሙሉ መሬቱን ሲመቱ ስልኬ ጫጫታ ነው ብሎ እየለቀመ ጥሎታል። ሰው አንድ ቃል ስቶ ሲዘል እንደሚሰማው ሳይሆን፣ ጭራሽ ያልነበረ ነገር አስመስሎ ነው የጣለው። ቅንብሩ ውስጥ ገባሁ። ከሦስት በር በኋላ ያቺን ማጥሪያ አገኘኋት፤ ስልኩ ከተገዛ ጀምሮ በርታ ነበር። አንድ ጊዜ ጫን ቢሏት የምትጠፋ ነገር ነች። ያልተጣራውን ቅጂ አስቀምጦት እንደሆነ ቁልፉን ሁሉ ነካካሁ። አላስቀመጠም። ያንን ሁሉ ዜና ሳነብ፣ ማን ነው ጫጫታ ምን እንደሆነ የወሰነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። አስቀጻዩ ስለ ቴፑ አንድ ቃል አላነሣም፤ ቢያነሣ ይሻለኝ ነበር።

ወደ አዘዞ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ምን እንደምላቸው አሰናዳሁ። መጀመሪያ ኩባንያውን ልራገም አሰብኩ፤ ከዚያ ዜና ጸሐፊውን፤ ከዚያ ማስታወቂያውን። አዘዞ ስደርስ ልራገመው የቀረኝ ራሴን ብቻ ነበር። አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን በነጠላ ሸፍነው ዳዊት ይደግማሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። መቋሚያው እንደሌለ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ አስቀጻዩ በካሴት ይቀዳ ሲል እንዳሾፍኩበት ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ደብተሩን ሳብ አድርገው "አሰሚኝ" ብለው ጻፉ።

ከፈትኩላቸው። አባቴ የራሳቸውን ድምፅ ከውጭ ሆነው ሰምተው አያውቁም ነበር። ሬዲዮ ላይ ቀርበው አያውቁም፤ ካሴትም አላወጡም። ዳዊቱን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው ቀኝ እጃቸው አየሩ ላይ መውረድ መነሣት ጀመረ። ከዚያ ተነሡና መቋሚያቸውን ከማእዘኑ አነሡ። ወለሉን አንድ ጊዜ መቱት፤ ቤቴ ሴራሚክ ነው፤ ቀጭ አለ። ፊታቸውን አጨማደዱና ራሳቸውን ነቀነቁ። በሩን ከፍተው ወደ ግቢው ወጡ፤ ከጎመን መደቡ አጠገብ ያለውን ጠፍ መሬት መረጡና በእግራቸው ደልደል አደረጉት።

ገባኝ። አዲሱን ስልክ በመስኮት ላይ አድርጌ ድምፁን ከፈትኩ። ከመሳቢያዬ ደግሞ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ምንም ብልሃት የሌለው አሮጌ ስልኬን አወጣሁና በሱ መቅዳት ጀመርኩ። አባቴ በራሳቸው ድምፅ ላይ መቋሚያቸውን መቱ። ድምፁ ከመስኮት ይመጣል፤ ድምታው ከመሬት ይመልሳል። አንድም ቦታ አልሳቱም። አልፎ አልፎ እጃቸውን እያነሡ ያስቆሙኝና ከመጀመሪያው ያስደግሙኛል። ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ፤ የጎረቤት ዶሮ ጮኸች፤ አውሮፕላን ወደ ማረፊያው ዝቅ ብሎ አለፈ። ሁሉም ገባ፤ ከሁሉ በላይ መቋሚያው ገባ። አንድ ሳምንት ፈጀብን፤ ሲደክማቸው እያረፍን፣ ሐኪሙ እንዳያይብን እየተደበቅን ጨረስነው። አስቀጻዩ በየቀኑ እየመጣ እየሰማ፣ በአጥሩ ጥግ ቆሞ መቋሚያውን አብሮ ያነሣ ነበር። በሦስተኛው ቀን እሱም እንደ የኔታ መሬቱን በትክክል መምታት ጀመረ።

የመጨረሻው የተቀዳ ለት አስቀጻዩ እጅ ነሥቶ ሄደ። አባቴ ግን ከግቢው አልገቡም። በርጩማው ላይ ተቀመጡና በእጃቸው መልሼ እንድከፍተው አሳዩኝ። አሁን መቋሚያውን አላነሡም፤ ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ወስደው ጻፉና ሰጡኝ።

"ድምፄ እንዲህ ነበር?"

"እንዲህ ነበር አባባ" አልኳቸው።

ደብተሩን መልሰው ወሰዱ። በቤታችን ድምፅ አይመሰገንም። ውዳሴ ከንቱ ነው፤ ካህኑን ለትዕቢት ይጥላል ይባላል። ተማሪ የኔታን "ድምፅዎ ያምራል" ቢል ድፍረት ነው፤ እናቴም እስክታርፍ ድረስ አላለችም፤ እኔም አላልኩም። በግድግዳው ማዶ ሆኜ እሳቸው ሲያዜሙ ሥራ ፈትቼ የቆምኩበትን ቀን ቁጥሩን አላውቀውም። ያንን ሁሉ ዓመት ድምፁን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አባቴ ሁለተኛውን ጽፈው ደብተሩን ዘረጉልኝ።

"ሸጋ ነበር። ምነው አንዳችሁም ሳትነግሩኝ?"

ይዤው ስለማላውቅ ስልክ፣ በስሙ ብቻ ስለማውቀው ቴሌቪዥን፣ ፊቱን አይቼው ስለማላውቅ ዜና አንባቢ ሳልጠየቅ አስተያየት የሰጠሁ ሴት ነኝ። አሁን ተጠየቅሁ። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።